መዳቢው አቶ ተገኘና ሁለቱ የብረት ሳምቡሳዎች

በየሰፈሩ አንድ አስተካካይ አይጠፋም። ሰፈር ያለ መብራት ኖሮ ታይቷል፤ ያለ ውሃም ሰንብቷል፤ ያለ አስተካካይ ግን ሰፈር ሊባል አይችልም። አስተካካይ ማለት ሁለት ነገር ጎን ለጎን ተቀምጦ አንዱ ከሌላው በጣት ስፋት ከበለጠ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ነው። እንግዳ ሆኖ ቤትዎ ሲገባ፣ ገና ሳይቀመጥ ግድግዳ ላይ የተንጋደደውን ፎቶ ያቀናል። ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆዎቹን በዓይኑ ይለካል፤ ከእርስዎ ቀንሶ ለባለቤትዎ ጠብ ያደርጋል፤ የሁለታችሁ ሻይ እኩል መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው «እንደምን ከረማችሁ?» የሚለው።

ሆሳዕና ውስጥ፣ ቢያንስ ይህ ታሪክ በሆነበት ሰፈር፣ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ክቡር አቶ ተገኘ ናቸው። «ክቡር» ያላቸው መንግሥት አይደለም፤ ሰፈሩ ነው። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ጡረታም የለውም፤ ስለዚህ የሚሽራቸውም አልተገኘም።

ገድላቸው ብዙ ነው። ልቅሶ ቤት ከገቡ፣ ከድንኳኑ ግራና ቀኝ የተቀመጠው ሰው እኩል እስኪሆን ድረስ አልቃሽ ያስነሳሉ። አንድ ጊዜ የሟች ወንድም ከሾኔ ገስግሶ ደርሶ፣ እንባውን እየጠረገ ሊቀመጥ ሲል፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ በዚያ በኩል ሁለት ሰው ጎድሏልና እዚያ ሆነህ አልቅስ» አሉት። ሰውዬውም ሄዶ እዚያ አለቀሰ።

ሚኒባስ ላይ ከወጡማ ጉድ ነው። «መኪናው ወደ ግራ አጋድሏል» ይሉና ተሳፋሪውን በውፍረትና በቅጥነት ያደላድላሉ፤ ወፍራሙን ነጋዴ ከቀጭኑ ተማሪ፣ ሕፃን ያዘለችውን በርበሬ ከጫነው ጋር ያጣምራሉ። አንድ ቀን ሹፌሩ ትዕግሥቱ አልቆ፣ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወረደ። አቶ ተገኘ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ጎሽ! አሁን ገና ተካከለ» አሉት።

የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቁጥራቸው ጎደሎ ከሆነም መፍትሔው በእጃቸው ነው። ትርፉን ልጅ ለሁለቱም ቡድን በረኛ ያደርጉታል። ልጁ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሮጥ ይውልና ትኩሳት ይዞት ቤቱ ይገባል። እናቱ ልትወቅሳቸው ስትመጣ፣ «ስንት ለስንት አለቁ?» ብለው ይጠይቋታል።

«አንድ ለአንድ።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

የአቶ ተገኘ እውነተኛ ዙፋን ግን ቅርጫ ነው። የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ የያሆዴ በዓል ሲደርስ ሰፈርተኛው ተዋጥቶ ሰንጋ ይገዛል፤ ሰንጋው ይታረዳል፤ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ በየመደቡ ይቀመጣል፤ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። መዳቢው እሳቸው ናቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከዚህ መደብ ቁራጭ ሻኛ ያነሱና እዚያ ያክላሉ፤ ከዚያ አንድ ጎድን ቀንሰው ወደዚህ ይመልሳሉ። ራቅ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ይመለሱና የኩላሊት ሩብ የማታህል ነገር ያዘዋውራሉ። «ሚዛን ይምጣ እንዴ?» የሚል ደፋር ከተነሳ፣ «ሚዛን ይሳሳታል» ይሉታል። በመጨረሻ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «እኩል!» ሲሉ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ይህ ቅርጫ አንድ የቆየ ሕግ አለው። መዳቢው ራሱ ተሳስቻለሁ ካለ፣ የተመደበው ሁሉ ተመልሶ ይደባለቃል፤ እንደ አዲስ ይመደባል፤ እስኪያልቅም ድረስ የቸኮለም ሆነ የተቆጣ አንድም ሰው ከቅጠሉ አጠገብ አይነሣም። ጥሎ የሄደ ጎረቤቱን እንደናቀ ይቆጠራል። ሕጉ አለ ይባላል እንጂ ሥራ ላይ ሲውል ያየው የለም፤ ምክንያቱም አቶ ተገኘ በመዳቢነት ዘመናቸው አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ተሳስቻለሁ ብለው ስለማያውቁ ማለት ነው።

እንግዲህ የሚክያስን ዕድል ተመልከቱ። ከእኒህ ሰውዬ ጋር አጥር ይጋራል።

ሚክያስ ደቡብ አፍሪካ ዓመታት ቆይቶ የተመለሰ ልጅ ነው። ከሆሳዕና ወደዚያ የሄደ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ አንዱ ፎቅ ይጀምራል፣ ሌላው ሱቅ ይከፍታል። ሚክያስ ግን በሣጥን የታሸገ ሞተር ይዞ መጣ። መኪናው የለም፤ ሞተር ብቻ። ይባስ ብሎ ሞተሩ ፒስተን የለውም።

ሮታሪ የሚባል ሞተር ነው። እንደ ሌላው ሞተር ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች አይመላለስበትም፤ በሆዱ ውስጥ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ብረቶች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ይሽከረከራሉ። ሚክያስ እዚያ ሳለ ከሱቁ አጠገብ ከነበረ ጋራዥ ነው ፍቅሩ የያዘው። ለሰፈሩ ሰው ማስረዳት ሲያቅተው «ሁለት ትልልቅ የብረት ሳምቡሳ በሏቸው» አለ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው ሳምቡሳ ሆኖ ቀረ። የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ፈትሁዲን ወሬውን ሰምቶ ሊያይ መጣ።

«ፒስተን የለውም?»

«የለውም።»

«ፋሻስ? ቫልቭስ?»

«እነሱም የሉትም።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሸጥለት ነው?» አለና ከልቡ አዘነ።

ነገሩ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፤ አቢጋኤል ባትኖር። አቢጋኤል ሆሳዕና የምታስተምር የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ሚክያስ ሊያገባት ሽማግሌ ልኳል። የሽማግሌዎቹ አለቃ ማን እንደሆኑ መገመት አያዳግትም። አቶ ተገኘ አንጋጫ ደርሰው፣ መጀመሪያ የተቀመጡበትን አግዳሚ ወንበር ከግድግዳው እኩል አስጠግተው፣ ከዚያ የመጡበትን ጉዳይ ተናገሩ። የልጅቷ አባት አቶ ዳኘ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና የነዱ፣ ከሞያሌ እስከ መተማ ያላራገፉት ጭነት፣ ያልፈቱት ሞተር የሌለ ሰው ናቸው። እንግዶቹን በወግ አስተናግደው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«ልጁን አልጠላሁትም። ነገር ግን ፒስተን የሌለው ሞተር ይነሣል ብሎ የሚያምን ሰው፣ ነገ ልጄን ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ያኖራታል። በዓሉ ሲያልፍ ቅዳሜ እኔው ራሴ እመጣለሁ። ሞተሩ በዚህ ጆሮዬ ከጮኸ ልጄን ሰጥቻለሁ። ካልጮኸ ግን ዳግመኛ ሽማግሌ ይዛችሁ ደጄን አትርገጡ።»

ሞተሩ ደግሞ በባሕር ሲጓጓዝ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ስለዚህ ሚክያስ ፈትቶ ማጽዳት፣ መልሶ መግጠም ነበረበት። ግቢው ውስጥ ሸራ አነጠፈ። በሸራው ላይ ከጓሮ የቆረጣቸውን ሁለት ሰፋፊ የእንሰት ቅጠሎች ዘረጋ። በአንዱ ላይ የፊተኛውን ሳምቡሳና የእሱን ዕቃ፣ በሌላው ላይ የኋለኛውንና የእሱን ዕቃ ለይቶ ደረደረ። ሳምቡሳዎቹ በየጠርዛቸው ባለ ቦይ ውስጥ የሚገቡ ቀጫጭን የብረት መዝጊያዎች አሏቸው፤ ከየመዝጊያው ሥር ደግሞ ትንንሽ ሞላዎች ተቀምጠው ወደ ውጭ ይገፏቸዋል። የአንዱን መዝጊያ ከሌላው በዓይን መለየት ዘበት ነው።

«ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?» አለች እህቱ ጵርስቅላ፣ በላዩ ላይ ጎንበስ ብላ።

«ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ጫማ ቢገዛም፣ ዓመት ካደረጉት በኋላ ቢለዋወጡ እግራቸው አያውቅም? ይኸም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ መዝጊያ በኖረበት ቦይ ልክ ተልጓል። የሰው ቦይ ውስጥ ከገባ ግፊቱ ያመልጣል፣ ሞተሩም አይነሣም። ስለዚህ ቤንዚን ሰልፍ ደርሼ እስክመለስ ዶሮ እንዳይበትንብኝ ጠብቂልኝ።»

ጵርስቅላ ቃሏን የምትጠብቅ ልጅ ናት። ዱላ ይዛ ቁጭ ብላ አንድም ዶሮ አላስጠጋችም።

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ የያሆዴ ቅርጫ ካለፈ ብዙ አልቆየም፤ የአቶ ተገኘ የመዳቢነት ትኩሳትም ገና አልበረደም። በአጥሩ ሲያልፉ ዓይናቸው ወደ ግቢው ገባ። ሁለት የእንሰት ቅጠል ተነጥፏል። ሁለት መደብ ተመድቧል። አንደኛው መደብ፣ የሞተሩ የፊት ጥርሶችና ብሎኖች አብረውት ስለነበሩ፣ ከሌላው በግልጽ ይበልጣል። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ጥርሳቸውን የታመሙ ያህል ፊታቸውን አጨፍግገው የግቢውን በር ገፉ።

ሚክያስ እኩለ ቀን ላይ ጄሪካን ሙሉ ቤንዚን ይዞ፣ እንደ አሸናፊ እየተጎማለለ ሲመለስ፣ ጵርስቅላ ፊቷ በርቶ በር ላይ ተቀበለችው።

«ጋሽ ተገኘ መጥተው ነበር! ምስኪን፣ ሸራው ላይ ተንበርክከው ስንት ለፉልህ መሰለህ።»

«ምን ሠሩ?»

«አስተካከሉልህ።»

ሚክያስ ጄሪካኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ቤንዚን በዚህ ዘመን በድንጋጤ የሚለቀቅ ዕቃ አይደለም። ከዚያ ወደ ሸራው ሄደ።

ሥራው ያምር ነበር፤ እውነት ለመናገር እንዲህ የሚያምር ሥራ አይቶ አያውቅም። ሁለቱ መደቦች ቁርጥ እኩል ሆነዋል። ጥርስ ያለው ብረት እዚህ፣ የሚያህለው ብረት እዚያ። የፊተኛው ሞላዎች ሰማያዊ ቀለም፣ የኋለኛው ነጭ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ አሁን በየመደቡ እኩሌታው ሰማያዊ፣ እኩሌታው ነጭ ሆኖ ቅር የሚለው እንዳይኖር ተደርጓል። መዝጊያዎቹ ተቀላቅለው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ በላያቸው ላይ ትልልቁ ብሎን እንደ ሻኛ ጉብ ብሏል።

«ዶሮ ብቻ ነበር ያልከኝ» አለች ጵርስቅላ፣ ፊቱን አይታ ድምፅዋ እያነሰ። «ከሰው ጠብቂ አላልከኝም።»

የአቶ ተገኘ ራስ በአጥሩ በላይ ብቅ አለ። ምስጋና የሚጠብቅ ፊት ነበራቸው።

«አየኸው?»

«ጋሽ ተገኘ፣ ምን አደረጉኝ?»

«ምን አደረግኩህ? አንዱን አጥግበህ ሌላውን አስርበህ ነበር። እኔ ደረስኩልህ እንጂ ይህ ሞተር ሆድና ጀርባ ሆኖ ነበር የሚቀረው።»

«አይመሳሰሉም እኮ! የዚህኛው የዚህኛው ነው፣ የዚያኛው የዚያኛው ነው!»

«የማይመሳሰለውን ነው እኩል ያደረግኩት። የሚመሳሰለውንማ ማን ያቅተዋል?»

ሚክያስ መሬት ላይ ቁጭ አለና ለአቢጋኤል ደወለ። ስትሰማ ሳቀች፤ ሳቀች፤ መምህራን ክፍል ያሉት ሁሉ ምን ሆነች እስኪሉ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋን አቋረጠች።

«ሚኪ፣ የምስቀው እንዳላለቅስ ብዬ ነው። አባቴን ታውቀዋለህ። እንቢ ካለ እንቢ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለየው። እንደምንም ብለህ ለየው።»

ያን ቀንና ዓርብን ሚክያስ ሲለይ ዋለ። ቀለም ያላቸው ሞላዎች አላስቸገሩም፤ ሰማያዊውን ወደ ፊት፣ ነጩን ወደ ኋላ መለሳቸው። ትልልቆቹም በመልካቸው ታወቁ። መዝጊያዎቹ ጋ ሲደርስ ግን ላብ አጠመቀው። አንዱን አንሥቶ ቦይ ውስጥ ይከታል፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ገፋ ያደርጋል፤ ይወዛወዛል። ሌላ ቦይ ይሞክራል፤ ልክ የሆነ ይመስላል፤ ደግሞ ያልሆነም ይመስላል። አቶ ተገኘ ዱካ ይዘው መጥተው አጠገቡ ተቀምጠዋል፤ እንደ ባለሙያ አማካሪ መሆናቸው ነው።

«ጋሽ ተገኘ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ የትኛውን ከየት እንዳነሡት ያስታውሱኝ።»

«እኩል ከሆነ በኋላ ከየት መጣ አይባልም። ከቅርጫ ማግሥት የማን ሥጋ ከየትኛው መደብ መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጠብ የፈለገ ሰው ነው።»

«ተቀላቅሏል እኮ ነው የምልዎት።»

«አልተቀላቀለም፤ ተካክሏል» አሉና ዓይናቸውን ወደ እንሰቱ መለሱ። ሚክያስ ግን ሰውዬው ዱካቸው ላይ እየተቁነጠነጡ መሆናቸውን ልብ አላለም።

ቅዳሜ መጣ። አቶ ዳኘ ከአንጋጫ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ደረሱ። ከኋላቸው አቢጋኤል አለች፤ ለሚክያስ ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ፈትሁዲንም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለሆነ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ሞተሩ ሚክያስ ባበጀለት የብረት እግር ላይ ቆሟል። አቶ ዳኘ ዙሪያውን ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተዟዟሩ።

«ይህቺው ናት?»

«ይህቺው ናት፣ አባባ።»

«ትንሽ ናት።»

ሚክያስ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተሽከረከረ፤ አልያዘም። እንደገና አዞረ። ተሽከረከረ፤ አጓራ፤ ተነፈሰ፤ ዝም አለ። ፈትሁዲን ከሱቁ ሌላ ባትሪ በሩጫ አስመጣ። ሞተሩ በአዲሱም ባትሪ ያው ነው። ሚክያስ ካንዴላዎቹን ፈትቶ አደረቀ፤ መለሰ፤ አዞረ። ግቢው ውስጥ የሚሰማው የሞተሩ ማቃሰት ብቻ ነበር። ሚክያስ አንገቱን ቀና ማድረግ አቃተው፤ ከሁሉ ከሁሉ ያሳፈረው አቢጋኤል መሬት መሬቱን ማየቷ ነው።

አቶ ዳኘ ተነሡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ጥሩ። አየን። ልጄ፣ እንሂድ።»

ጥቂት ሲራመዱ ግን መንገዳቸው ላይ ሰው ቆሞ አገኙ። አቶ ተገኘ ናቸው። ፊታቸው ቀልቷል፤ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰፈሩ እኒህን ሰውዬ ቃል ሲያጥራቸው አይቶ አያውቅም።

«አቶ ዳኘ፣ ይቀመጡ። መዳቢው ተሳስቷል።»

ፈትሁዲን ጆሮውን ተጠራጠረ።

«ምን አሉ ጋሽ ተገኘ?»

«አንዴ ብያለሁ! ሁለቴ አልልም!» ብለው ጮኹበት። ከዚያ ወደ አቶ ዳኘ ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጁ ለይቶ ነበር ያስቀመጠው። እሱ በሌለበት ገብቼ ያደባለቅኩት እኔ ነኝ። ከየት እንዳነሣሁ ሲጠይቀኝም እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ ክብሬን ብዬ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የእኔ ነው። መዳቢ ከተሳሳተ ደግሞ ሕጉን ያውቁታል።»

«እኛም ዘንድ ሕጉ ይኸው ነው» አሉ አቶ ዳኘ። «ነገር ግን ወዳጄ፣ ይህ ብረት እንጂ ሥጋ አይደለም።»

«በእንሰት ቅጠል ላይ ተመድቧል ወይስ አልተመደበም?»

ሁሉም ወደ ጵርስቅላ ዞረ። ጵርስቅላ ዱላዋን አሁንም ይዛለች።

«ተመድቧል» ብላ መሰከረች። «በሁለት ቅጠል።»

«እንግዲያው ቅርጫ ነው!» አሉ አቶ ተገኘ። «እስኪያልቅ የሚነሣ የለም!»

አቶ ዳኘ ሰማዩን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ሽማግሌዎቹን አዩ። ብዙ መንገድ የነዱ ሰው ናቸው፤ መንገድ ሲዘጋ ያውቃሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሽምግልና ታሪክ አዲስ ነው። ጵርስቅላ ትኩስ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ አመጣች፤ ሞተሩ እንደገና ተፈታ፤ አቶ ተገኘ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። አንዴ አፋቸው ከተናገረ ወዲያ እጃቸው ተፈታ። መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ መዳፋቸው ላይ ይመዝናሉ። «ይህቺን ከዚህ ነው ያነሣኋት፤ ከትልቁ ጥርስ ጎን ተኝታ ነበር። ይህቺ ከወዲያ ናት፤ ቀለል ትላለች። ይህቺን... ቆይ፣ ይህቺን ለነጩ ሞላ ምትክ ነበር የሰጠኋት።» አንዳንዱን ያውቁታል፤ አንዳንዱን ይስቱታል። ሚክያስ እየተቀበለ በየቦዩ ከትቶ በጥፍሩ ይፈትናል።

አቶ ዳኘ መጀመሪያ ከሩቅ ነበር የሚያዩት። ቀጥሎ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። ቀጥሎ ኮታቸውን አወለቁ። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር የፈታ እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም።

«አምጣት እስቲ እኔ ልያት» አሉና መዝጊያዋን ከሚክያስ እጅ ቀሙት። ቦዩ ውስጥ ከትተው ወዘወዟት። «አይ፣ አይ፣ ይህ ቤቷ አይደለም። የሰው ቤት የገባች ነገር ታስታውቃለች። ከጎን ያለውን ሞክር።»

ሞከረ። መዝጊያዋ ገባች፤ አልተወዛወዘችም።

«አላልኩህም?» አሉ አቶ ዳኘ፣ ዓይናቸው በርቶ።

«እኔ ነኝ ያቀበልኳችሁ» አሉ አቶ ተገኘ።

አቢጋኤል ቦርሳዋን ከፍታ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች። ቦታው የታወቀለትን የፊተኛውን ዕቃ ሁሉ በቀይ ነጥብ ነካ ነካ እያደረገች «ከአሁን በኋላ ማንም እኩል አያደርገውም» አለች፤ አቶ ተገኘን ግን አላየቻቸውም፤ ሳቋን ስለማታምነው ነው። ፈትሁዲን ዘይት ያቀብላል። ከሽማግሌዎቹ ዝም ማለት የሚወዱት ሦስተኛው ሰውዬ እንኳ ብሎን እየቆጠሩ ያንጎራጉራሉ። የሠርግ ድርድር ላይ የተቀመጠ ሳይሆን ጋራዥ የተቀጠረ ሕዝብ ነበር የሚመስለው።

ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት ሞተሩ ተገጥሞ ቆመ። ሚክያስ እጁን ጨርቅ ላይ ጠርጎ ቁልፉን ያዘ። አዞረው።

ተሽከረከረ። አጓራ። አንድ ጊዜ እንደማስነጠስ ብሎ ነጭ ጭስ ተፋ። ከዚያ ያዘ! የያዘው ደግሞ በጩኸት ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን ሁሉ ያንቀጠቀጠ፣ ጵርስቅላ ሁለት ቀን ሙሉ ያላስጠጋቻቸውን ዶሮዎች በአጥር ላይ ያስዘለለ ጩኸት። ጵርስቅላ እልልታዋን አቀለጠችው፤ አልተሰማም። አቢጋኤል ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ትዘላለች። ፈትሁዲን ማንን እንደሚያቅፍ ጠፍቶት ባትሪውን አቅፏል። ሚክያስ እየሳቀ ያለቅሳል፤ ወይም እያለቀሰ ይስቃል፤ እሱም አልለየውም።

አቶ ዳኘ ሁለት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፍነው ወደ እሱ ጮኹ፦

«ሰምቻለሁ! ሰምቻለሁ አልኩህ! አጥፋው!»

«ምን አሉ አባባ?»

«ልጄን ወስደሃል! አጥፋው!»

ሚክያስ አላጠፋውም። ዳግመኛ መነሣቱን በምን ያውቃል?

በዚህ ሁሉ መሐል ሰውዬውን ፈለጋቸው። አቶ ተገኘ ከአጥሩ ሥር ብቻቸውን ቆመዋል። አይጨፍሩም፤ አይጮኹም። ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው ላይ አስጠግተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሚክያስ ደንግጦ ሄደ። አሟቸው ነው ብሎ ነበር።

አቶ ተገኘ ግራ ቀኝ አዩና ጭብጣቸውን በትንሹ ከፈት አደረጉ። መዳፋቸው ላይ አንዲት ትንሽ ሞላ ተቀምጣለች። የተረፈች።

ሚክያስ ሞላዋን አየ። ያለ እሷ እየጮኸ ያለውን ሞተር አየ። ሽማግሌውን አየ። የሰውዬው ከንፈር እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ያንኑ በዕድሜያቸው አንዴ ብቻ ያወጡትን ቃል፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሊናገሩት እየተዘጋጁ ነበር። እውነተኛ ሰው ናቸውና ይሉት ነበር። ሚክያስ እኒህን አጥር ዘለል፣ ሻይ ገልባጭ፣ አልቃሽ አስነሺ ሰውዬ ምን ያህል እንደሚወዳቸው ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በሞላዋ ላይ አጠፈላቸውና ጭብጣቸውን በሁለት እጁ ያዘው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ጮኸ፦

«ከሠርጉ በኋላ፣ ጋሽዬ! ከሠርጉ በኋላ!»